የኦኩፔሽናል ቴራፒ ቴሲስ ለምትጽፉ፦ ጥያቄያቹ ውስጥ ሰውየው የሚሠራው ነገር ይኑር

ኦኩፔሽናል ቴራፒ የምትማሩና የመጨረሻ ዓመት ላይ ደርሳቹ "ቴሲስ ምን ላይ ልሥራ" የሚለው ጥያቄ እንቅልፍ የነሳቹ ካላቹ ይሄ ለእናንተ ነው። እኔ ጽፌ ዲፌንድ አድርጌ ወጥቻለሁ፣ ከዛ በኋላም ከኔ በታች ያሉ ልጆች ድራፍታቸውን እየላኩልኝ ሳነብ ስለቆየሁ የት የት ጋ እንደሚከብድ ገብቶኛል። ስለ ቴሲስ አጻጻፍ ብዙ ምክር አለ፣ ግን አብዛኛው ለየትኛውም ዲፓርትመንት የሚሆን ነው፣ ፎንት፣ ማርጂን፣ ቻፕተር አንድ ቻፕተር ሁለት ምናምን። የኛ ሙያ የራሱ ፈተና አለው፣ እኔ የማወራው ስለሱ ነው።

ዋናውን ነገር መጀመሪያ ልናገር። የኦቲ (የኦኩፔሽናል ቴራፒ) ቴሲስ የሚያምረውም የሚበላሸውም የጥናት ጥያቄው ላይ ነው። ጥያቄው ውስጥ ሰውየው በኑሮው የሚሠራው ነገር ከሌለ፣ ማለትም መልበስ፣ መታጠብ፣ ማብሰል፣ መጻፍ፣ ሥራ መሄድ፣ መጫወት፣ ልጅ ማሳደግ፣ የቀረው ሁሉ ጥሩ ቢሆን እንኳ የሌላ ሙያ ቴሲስ ይሆናል። "ከስትሮክ በኋላ የእጅ ጉልበት" ብላቹ ከጀመራቹ ፊዚዮቴራፒም ሊጽፈው ይችላል፣ ኒውሮሎጂም ሊጽፈው ይችላል። "ከስትሮክ በኋላ አንድ እጁ ብቻ የሚታዘዝለት ሰው ጠዋት ልብሱን እንዴት ይለብሳል፣ ማን ያግዘዋል፣ የቱን ይተወዋል" ስትሉ ግን የኛ ነው። የእጅ ጉልበት አይጠና እያልኩ አይደለም፣ ይጠና፣ ግን ጉልበቱ ለምን እንደሚፈለግ ጥያቄው ራሱ ይናገር።

ርዕስ ፍለጋ ኢንተርኔት ላይ ከመቀመጣቹ በፊት አታችመንት (የተግባር ልምምድ) ላይ ማስታወሻ የያዛቹበትን ደብተር አውጡ። የዓለም ኦኩፔሽናል ቴራፒስቶች ፌዴሬሽን ባወጣው ዝቅተኛ የትምህርት ስታንዳርድ መሠረት አንድ ተማሪ ቢያንስ 1,000 ሰዓት ተግባር ላይ ማሳለፍ አለበት፣ እዛ ሁሉ ሰዓት ውስጥ "ይሄ ነገር ለምን እንዲህ ሆነ" ያላቹበት ቦታ የግድ ይኖራል። የኔም ርዕስ የመጣው ከዛ ነው። ስትሮክ ይዟቸው የተኙ ሰዎች ዋርድ ውስጥ እያሉ ሸሚዛቸውን ራሳቸው ይለብሳሉ፣ የደከመውን እጅ መጀመሪያ ያስገባሉ ከዛ ጤነኛውን፣ ቀስ ብለው ግን ያለ ማንም እርዳታ። ለክትትል ሲመለሱ ስንጠይቃቸው ደሞ ቤት ውስጥ የሚያለብሳቸው ሌላ ሰው ነው። እጃቸው ብሶበት አይደለም፣ እንደውም የብዙዎቹ ተሽሎታል። ይሄ ነገር ከአንድ ሰው በላይ ላይ ሳየው ጻፍኩት፣ በኋላ ሳነብ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጣው አይሲኤፍ የሚባለው ማዕቀፍ ነገሩን ለሁለት እንደሚከፍለው አገኘሁ፣ ካፓሲቲ ሰውየው በተመቻቸ ቦታ ማድረግ የሚችለው ነው፣ ፐርፎርማንስ ደሞ በሚኖርበት ቦታ በተጨባጭ የሚያደርገው። በሁለቱ መሀል ያለው ክፍተት የኔ ቴሲስ ሆነ።

ርዕስ ሲጠብ ትንሽ የሆነ ይመስላል፣ ተማሪዎች የሚፈሩትም እሱን ነው፣ "ይቺ ብቻ ቴሲስ ትሆናለች ወይ" ይሉኛል። ትሆናለች! የላኩልኝ አንድ ፕሮፖዛል "የኦኩፔሽናል ቴራፒ ሚና ኦቲዝም ባለባቸው ልጆች ላይ" ይል ነበር። እንዲህ ያለ ርዕስ የመማሪያ መጽሐፍ ምዕራፍ ነው፣ ጥያቄ የለውም፣ መልስ የሚሆነውም ዳታ ምን እንደሆነ አይታወቅም። ተነጋግረን ተነጋግረን "ኦቲዝም ያለባቸውን ልጆች የሚያሳድጉ እናቶች የጥርስ መቦረሻ ሰዓትን እንዴት ነው የሚያሳልፉት" የሚል ጋ ደረሰ፣ ወዲያው ማንን እንደሚያናግሩ ታወቀ፣ ምን እንደሚጠይቁ ታወቀ፣ ስለ ስሜት ህዋሳት ያለው ንባብም ቦታውን አገኘ። እኔ ራሴ የተጠቀምኩበት መንገድ ቀላል ነው፣ ማን፣ የትኛው ሥራ፣ የት ቦታ፣ ምኑን ማወቅ እፈልጋለሁ የሚሉትን ጽፌ አራቱም በአንድ ዓረፍተ ነገር እስኪገቡ ድረስ መቁረጥ። የኔ በመጨረሻ እንዲህ ሆነ፦ ስትሮክ ይዟቸው ከሆስፒታል ወደ ቤት የተመለሱ አዋቂዎች፣ ራሳቸው ማድረግ የሚችሉትን የመልበስና የመታጠብ ሥራ ቤት ውስጥ ለሌላ ሰው መተዋቸውን እንዴት ይገልጹታል? ዓረፍተ ነገሩ ረዥም ነው፣ ግን እያንዳንዱ ቃል በኋላ ሥራ ሠርቶልኛል፣ "የሚችሉትን" የሚለው ብቻ ማንን እንደማካትትና ማንን እንደማላካትት ወሰነልኝ።

ቀጥሎ ዲዛይን ነው። እዚህ ጋ በግልጽ ልናገር፣ በዲግሪ ደረጃ "ይሄ ቴራፒ ይሠራል ወይ" የሚል ጥናት ባትሞክሩ እመክራለሁ። ምክንያቱ ስንፍና አይደለም። ስትሮክን ብትወስዱ በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሰውነት በራሱም ፈጥኖ ያገግማል፣ እና ማነፃፀሪያ ግሩፕ ሳይኖራቹ ጥቂት ሰዎችን በፊትና በኋላ ለክታቹ "ተሻሻሉ" ብትሉ ያሻሻላቸው ቴራፒው ይሁን ጊዜው ማንም ሊለየው አይችልም፣ እናንተም ዲፌንስ ላይ ልትለዩት አትችሉም። ማነፃፀሪያ ግሩፕ ይኑር ከተባለ ደሞ የሰው ብዛት፣ ጊዜ፣ ፈቃድ፣ በዘፈቀደ መመደብ እያለ የአንድ ተማሪን አቅም ያልፋል። የግድ ኢንተርቬንሽን ማየት የምትፈልጉ ከሆነ ሲንግል ኬዝ ዲዛይን አለ፣ አንድ ወይ ሁለት ሰው ይዛቹ ቴራፒው ከመጀመሩ በፊት ደጋግማቹ ትለካላቹ፣ መስመሩ የት እንደነበር ይታወቃል፣ ከዛ ቴራፒው ገብቶ ለውጡን ታያላቹ። ሥራው ትንሽ ይመስላል ግን በትክክል ከተሠራ ሐቀኛ ነው።

ሊትሬቸር ሪቪው ራሱን እንደ ቴሲስ መሥራትም ይቻላል፣ ሰው ማግኘት ለማይችሉ ወይም የኤቲክስ ፈቃድ ለሚዘገይባቸው ጥሩ ነው። ሲስተማቲክ ሪቪው በደንቡ ጽሑፎቹን የሚያጣራ ሁለተኛ ሰው ይፈልጋል፣ ስለዚ ብቻውን ለሚሠራ ተማሪ ስኮፒንግ ሪቪው (በአንድ ርዕስ ላይ ምን ምን እንደተጻፈ የሚያስሰው) ይቀላል፣ እ.ኤ.አ. በ2005 አርክሲና ኦማሊ የሚባሉ ተመራማሪዎች ደረጃዎቹን አስቀምጠውለታል፣ አዘጋገቡን ደሞ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የፕሪዝማ የስኮፒንግ ሪቪው ቼክሊስት ይመራቹኋል። ግን እዚህም የመጀመሪያው ሕግ ይሠራል፣ "ስለ ዲሜንሺያ ምን ተጽፏል" ሳይሆን "ዲሜንሺያ ያለባቸው ሰዎች ማብሰል እንዲቀጥሉ ቤት ውስጥ የተደረጉ ማስተካከያዎች የትኞቹ ናቸው" በሉ።

እኔ ኢንተርቪው መረጥኩ፣ ጥያቄዬ "እንዴት ይገልጹታል" ስለሚል ሌላ መንገድ አልነበረውም። ዲዛይን የሚመረጠው ከጥያቄው ነው። "ስታቲስቲክስ ስለምጠላ ኳሊቴቲቭ ልሥራ" የሚሉ አሉ፣ ኳሊቴቲቭ ቀላል መስሏቸው ነው፣ ትራንስክሪፕት ላይ ሲቀመጡ ያዩታል።

ሞዴልን በተመለከተ ብዙ ቴሲስ ላይ የማየው አንድ ችግር አለ፣ ቻፕተር ሁለት ላይ ሞሆ (ሞዴል ኦፍ ሂውማን ኦኩፔሽን የሚባለው) በሁለት ገጽ ይተነተናል፣ ከዛ እስከ መጨረሻው ስሙ አይነሳም። ሞዴል ከያዛቹ ኢንተርቪው ጋይዱ ውስጥም፣ አናሊሲሱ ውስጥም፣ ዲስከሽኑ ውስጥም ይታይ፣ አለበለዚያ ባይገባ ይሻላል። እኔ ሞሆን ነው የያዝኩት፣ ጌሪ ኪልሆፍነር ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1980 ያስተዋወቁት ነው፣ ሰው የሚሠራውን ነገር በቮሊሽን፣ በሀቢቹዌሽን፣ በፐርፎርማንስ ካፓሲቲና በአካባቢ ያየዋል። የመረጥኩበት ምክንያት ግልጽ ነበር፣ ተሳታፊዎቼ ካፓሲቲው አላቸው፣ ስለዚ መልሱ ያለው በቀሩት ሦስቱ ውስጥ መሆን አለበት። የኢንተርቪው ጥያቄዎቼንም በዛው አወጣሁ፣ ራስን ማልበስ ለእሳቸው ምን ያህል ዋጋ እንዳለው (ቮሊሽን)፣ ከመታመማቸው በፊት ጠዋታቸው ምን ይመስል እንደነበርና ቤት ውስጥ የእሳቸው ድርሻ ምን እንደነበር (ሀቢቹዌሽን)፣ ቤቱና ሰዎቹ ምን እንደሚፈቅዱ (አካባቢ)። ሰውየውን፣ አካባቢውንና ሥራውን አንድ ላይ ማየት ለምትፈልጉ እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው ፒኢኦ የሚባለው ሞዴል ቀለል ይላል፣ የቤት ማስተካከያና የሥራ ቦታ ላይ ለሚሠሩ በጣም ይመቻል። ጃፓን ውስጥ የተወለደው የካዋ ሞዴል ደሞ ሰውን ከቤተሰቡና ከማኅበረሰቡ ነጥሎ ስለማያይ ብዙዎቻችን ለምናውቀው ኑሮ ይቀርባል፣ እኔም ዲስከሽን ላይ ጠቅሼዋለሁ።

ሊትሬቸር ፍለጋ ላይ የኛ ሙያ ችግር አንድ ነገር በብዙ ስም መጠራቱ ነው። መልበስና መታጠብን "ሰልፍ ኬር" የሚለው አለ፣ "ፐርሰናል ኬር" የሚለው አለ፣ "አክቲቪቲስ ኦፍ ዴይሊ ሊቪንግ" የሚለው አለ፣ ነርሶች በሌላ ይጠሩታል። አንዱን ብቻ ጽፋቹ "ምንም አልተጻፈም" ብላቹ ፕሮፖዛል ላይ ጋፕ አለ እንዳትሉ። ወረቀት ላይ ዓምድ አስምሩ፣ በአንዱ ሰዎቹን በሌላው ሥራውን በሌላው ቦታውን፣ በየዓምዱ ሥር ተመሳሳይ ስሞችን ደርድሩ፣ እዛው ዓምድ ውስጥ ያሉትን በ"ኦር" አያይዙ፣ ዓምድ ከዓምድ በ"ኤንድ"። ፐብሜድ ላይ ሜሽ የሚባሉትን መደበኛ ርዕሶች ተጠቀሙ፣ ሲናል የሚባለው ዳታቤዝ ላይ ደሞ የነርሲንግና የሪሀብ ጆርናሎች ስለሚበዙ ፐብሜድ ላይ የሌለ ታገኛላቹ። የፈለጋቹበትን ቀን፣ የጻፋቹትን ቃልና የወጣውን ብዛት እዛው መዝግቡ፣ ሜተድ ቻፕተር ላይ ትጠየቃላቹ። ዞቴሮ የሚባለው የሪፈረንስ ማስቀመጫ ሶፍትዌር ከመጀመሪያው ቀን ይከፈት፣ ነጻ ነው። ኳሊቴቲቭ ጽሑፎችን ለመመዘን ካስፕ የሚባለው ባለ 10 ጥያቄ ቼክሊስት ለጀማሪ በቂ ነው። ቻትቦት ሪፈረንስ ከሰጣቹ ጽሑፉን ራሳቹ ከፍታቹ ሳታዩ እንዳታስገቡ፣ የሌለ ጽሑፍ በሚያምር ስም ፈጥሮ ይሰጣል፣ ኤግዛሚነር ደሞ አንዱን ብቻ ፈልጎ ካጣው ሌላውንም አያምናቹም።

የኤቲክስ ፈቃድ ፕሮፖዛሉ እንደጸደቀ በዛው ሳምንት ይግባ፣ ከምታስቡት በላይ ይቆያል። እኛ ጋ ሦስት ነገር ለየት ይላል። አንደኛ፣ የምታናግሩት ሰው እናንተ ወይ ክፍላቹ ስታክሙት የነበረ ሊሆን ይችላል፣ እና "እምቢ ብል ህክምናዬ ይጎዳል" ብሎ እሺ ሊል ይችላል፣ ስለዚ ጥያቄውን የሚያቀርበው ህክምናው ውስጥ የሌለ ሰው ቢሆን ይመረጣል፣ ፎርሙ ላይም ህክምናው እንደማይነካ በግልጽ ይጻፍ። ሁለተኛ፣ ስትሮክ ወይ የአእምሮ ጉዳት ያለበት ሰው የመረዳትና የመናገር ችግር ሊኖረው ይችላል። አፌዥያ (እንዲህ ያለው የቋንቋ ችግር) ያለበትን ሰው በደፈናው ማስወጣት ቀላል መንገድ ነው፣ ግን ድምፃቸው የማይሰማ ሰዎችን በድጋሚ ዝም ማሰኘት ነው። አጭር ዓረፍተ ነገር፣ ትልቅ ፊደል፣ ሥዕል፣ አዎና አይደለም የሚል ካርድ አዘጋጅታቹ መካከለኛ አፌዥያ ያለበትን ሰው ማካተት ይቻላል፣ እኔ አካትቻለሁ፣ ኢንተርቪውው ረዥም ጊዜ ወሰደ ግን ከሌሎቹ ያላገኘሁትን ነገር አግኝቼበታለሁ። ሦስተኛው ቤት ሄዳቹ የምታናግሩ ከሆነ ነው፣ ያላሰባቹትን ነገር ልታዩ ትችላላቹ፣ ለምሳሌ የተጎሳቆለ ሰው፣ እና ያን ጊዜ ለማን እንደምትናገሩ ቀድሞ ፕሮቶኮሉ ላይ መጻፍ አለበት።

ኢንተርቪው ላይ ልቆይ፣ ምክንያቱም ዳታው እዛ ነው። "ልብስ መልበስ ላይ ምን ችግር አለብዎት" ብላቹ ከጠየቃቹ "ምንም፣ ተመስገን" ነው መልሱ። ሰው የየዕለት ሥራውን በጥቅሉ ስትጠይቁት አያወራውም፣ አይታየውም። የሠራልኝ "ትላንት ጠዋት ከነቁበት ጊዜ ጀምሮ ይንገሩኝ" የሚለው ነው፣ ከዛ "እሺ ሸሚዙን ማን አመጣው፣ የት ተቀምጠው ነበር፣ ቁልፉን ማን ቆለፈው፣ እሳቸው ሲቆልፉ እርስዎ ምን እያደረጉ ነበር" እያልኩ እከተላለሁ። ትንንሽ ነገር ነው ግን ሥራ የሚባለው ራሱ ከነዚህ ትንንሽ ነገሮች የተሠራ ነው፣ እኛ አክቲቪቲ አናሊሲስ የተማርነው ለዚህ ነው፣ እዚህ ጋ ከሌላ ሙያ ተማሪ የተሻልን ኢንተርቪው አድራጊ ልንሆን እንችላለን። ፈቃደኛ ከሆኑም ልብሱን እንዲያሳዩኝ እጠይቅ ነበር፣ የልብስ ሣጥኑ የት እንዳለ፣ አልጋው ምን ያህል ከፍ እንደሚል፣ ሰው እቃውን እያሳየ ሲያወራ ያልተጠየቀውንም ይናገራል።

ቤተሰብ አጠገብ ሲቀመጥ ደሞ መልሱ ይለወጣል፣ ወይ ቤተሰቡ ይመልስለታል ወይ እሱ ለቤተሰቡ ክብር ብሎ ይመልሳል። ማስወጣት ከባድ ነው፣ ቤታቸው ነው። እኔ ያደረግኩት መጀመሪያ አብረው እንዲያወሩ መተው ነው፣ ከዛ "አሁን ደሞ ለብቻቸው የምጠይቃቸው ጥቂት ጥያቄ አለችኝ" ማለት፣ ይሄንንም ገና ቀጠሮ ስይዝ ተናግሬው ስለነበር ማንም ቅር አላለውም። ስትሮክ ያለበት ሰው ቶሎ ይደክማል፣ ከሰዓት በኋላ ከጠዋቱ ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል፣ ስለዚ ሰዓቱን እሳቸው ይምረጡ፣ ለሁለት ቀን መክፈልም ይቻላል። ዝም ሲሉ ዝም በሉ። መቅረጫው ሁለት ይሁን፣ አንዱ ስልክ ሌላው ሌላ ነገር፣ እና ጋይዱን በአንድ ሰው ላይ ሞክራቹ ከዛ ጀምሩ።

ትራንስክራይብ ማድረግ የአንድ ሰዓት ንግግር የብዙ ሰዓት ሥራ ነው፣ ጊዜ ሰሌዳቹ ላይ በደንብ አስፉለት። ራሳቹ አድርጉት፣ ደጋግማቹ ስትሰሙ ነው የሚገባቹ። ኮድ ስታደርጉም (ንግግሩን እየከፋፈላቹ አጭር ስም ስትሰጡት) በተወራበት ቋንቋ ላይ አድርጉ፣ ቴሲሱ በሌላ ቋንቋ የሚጻፍ ከሆነ መተርጎሙ ለምትጠቅሱት ንግግር ብቻ በመጨረሻ ይምጣ። እኔ የተከተልኩት ቲማቲክ አናሊሲስን ነው፣ ብራውንና ክላርክ እ.ኤ.አ. በ2006 በ6 ደረጃ የገለጹት፣ ለጀማሪ በጣም ግልጽ ነው። ተማሪ የሚቸገርበት ቲም ማለት ምን እንደሆነ ነው። "ቤተሰብ" ቲም አይደለም፣ የርዕስ ስም ነው፣ "ጥያቄ 3 ላይ የተሰጡ መልሶች"ም ቲም አይደለም። ቲም አንድ ነገር ይላል፣ በሙሉ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ካልቻላቹ ገና አልተገኘም።

ከኔ ላሳያቹ። 8 ሰው አናግሬ "ፈጣን ናት"፣ "ቁርስ ይደርሳል"፣ "ሲያዩኝ ይጨንቃቸዋል"፣ "እኔም እሷን ደስ እንዲላት" የሚሉ ኮዶች ነበሩኝ። ከነዚህ "የጠዋቱ ሰዓት የተቃኘው በጤነኞቹ ፍጥነት ነው" የሚል አንድ ቲም ወጣ፣ "መልበስን ለሌላ መተው ፍቅርን መቀበያ መንገድ ነው" የሚል ሌላ ወጣ። በጣም ያስገረመኝ ግን ሦስተኛው ነው፣ አንዳንዶቹ አስበውበት ነው የተዉት፣ ጠዋት ልብስ ላይ ጉልበታቸውን ከጨረሱ ለሚወዱት ነገር አይተርፋቸውም፣ አንዱ ለንባብ፣ አንዷ ከልጅ ልጆቿ ጋር ለመቀመጥ፣ እና ልብሱን ሰጥተው ሌላውን ገዝተውበታል። እኛ ዋርድ ላይ ራሱን ማልበስ የቻለን ሰው "ኢንዲፔንደንት" ብለን ጽፈን ግባችን ተሳካ ብለን ፋይል እንዘጋለን፣ እነሱ ደሞ የቱን ሥራ ለራሳቸው እንደሚያስቀሩ የራሳቸው ስሌት አላቸው። ዲስከሽኔ ሙሉ በሙሉ እዚህ ላይ ቆመ፣ ራስን መቻልን የመጨረሻ ግብ አድርጎ ማየትን የሚተቹ የኦቲ ጽሑፎችም አሉ፣ ካዋንም ያመጣሁት ለዚህ ነው። ጥያቄው ጉልበት ላይ ቢሆን ኖሮ ይሄ ፈጽሞ አይወጣም ነበር።

ስለ ቁጥር ብዛት ትጠየቃላቹ፣ "8 ሰው አይበቃም" የሚል አይጠፋም። "ሳቹሬሽን ደርሻለሁ" (አዲስ ነገር መምጣቱን አቁሟል) የሚለውን መልስ በጭፍን አትጠቀሙ፣ ሪፍሌክሲቭ ቲማቲክ አናሊሲስ እየሠራቹ ከሆነ ያመጡት ብራውንና ክላርክ ራሳቸው ቃሉ ከዘዴው ጋር እንደማይሄድ ጽፈዋል። ይልቅ ጥያቄው ጠባብ ነው፣ ተሳታፊዎቹ በትክክል ነገሩን የኖሩት ናቸው፣ ያወሩትም ጥልቅ ነው ብላቹ አስረዱ።

ቁጥር ለምትሠሩት አጠር ላድርገው። መለኪያ ስትመርጡ ምን እንደሚለካ እዩ፣ ባርተል ኢንዴክስ ከ0 እስከ 100 ነው፣ መሠረታዊ የራስ እንክብካቤና እንቅስቃሴን እንጂ ማብሰልን ወይ ሥራን አያይም፣ ቤት የገባ ሰው ቶሎ ጣሪያው ላይ ይደርስበታል። ሲኦፒኤም የሚባለው የካናዳ የሥራ አፈጻጸም መለኪያ ደሞ ሰውየው ራሱ ያስጨነቀውን ሥራ መርጦ አፈጻጸሙንና እርካታውን ከ1 እስከ 10 ይሰጣል፣ የ2 ነጥብ ለውጥ ክሊኒካል ትርጉም አለው ተብሎ ይወሰዳል፣ ለሙያችን ልብ በጣም ቅርብ ነው። ብዙ መለኪያዎች ኮፒራይት ስላላቸው ፈቃድ ጠይቁ፣ ተርጉማቹ በዛው ቀን አትጠቀሙ፣ ትርጉምና ቫሊዴሽን ራሱን የቻለ ጥናት ነው፣ እንደውም ጥሩ የቴሲስ ርዕስ ሊሆን ይችላል። የደረጃ መለኪያ ላይ አማካኝ ከማውጣት ሚዲያን ይሻላል፣ በፊትና በኋላ ለማወዳደርም ዊልኮክሰን የሚባል የስታቲስቲክስ ቴስት አለ።

አጻጻፉ ላይ ሜተድ ቻፕተሩን መጀመሪያ ጻፉ፣ ያደረጋቹትን መተረክ ስለሆነ እጅ ያፍታታል። ከዛ ሪዘልት፣ ከዛ ዲስከሽን፣ ኢንትሮዳክሽኑ መጨረሻ አካባቢ ይስተካከል፣ አብስትራክቱ የመጨረሻ መጨረሻ። ዲስከሽን ላይ ሪዘልቱን በሌላ ቃል አትድገሙ፣ እያንዳንዱ አንቀጽ "ስለዚህ አንድ ኦቲ ነገ ጠዋት ምን ይለውጣል" የሚለውን ይንካ። ሊሚቴሽን ላይ "ጊዜ አጥሮኝ ነው" አይባልም፣ ጥናቱ ማንን እንዳላየ ይባላል፣ የኔ ለምሳሌ ቤተሰቦቹን ለብቻ አላናገረም፣ ብቻቸውን የሚኖሩትን አላየም።

አድቫይዘሬ በጣም ሥራ የሚበዛባቸው ሰው ነበሩ፣ ግን ሁልጊዜ መልስ አገኝ ነበር፣ ምክንያቱም "ሰር እባክዎ ይዩልኝ" ብዬ 40 ገጽ አልክም። አንድ ክፍል ልኬ "ገጽ 3 ላይ ያለው ሁለተኛው ቲም ከመጀመሪያው ይለያል ወይ" ብዬ እጠይቃለሁ። ተገናኝተን ስንለያይ የተስማማንበትን ባጭሩ ጽፌ እልክላቸዋለሁ፣ ይሄ በኋላ "እንዲህ አላልኩም" የሚል ክርክር እንዳይመጣ ሁለታችንንም ጠብቆናል። አድቫይዘራቹ ከሌላ ሙያ ከሆኑ፣ ኦቲ ባልበዛበት ቦታ ይሄ ያጋጥማል፣ ኦኩፔሽን የሚለውን ሐሳብ በግማሽ ገጽ አስረዱዋቸው፣ አለበለዚያ ሳያስቡት ወደ ራሳቸው ሙያ ይስቧቹኋል።

ዲፌንስ ላይ የሚመጡት ጥያቄዎች ብዙም አይለያዩም፣ ይሄን ሞዴል ለምን መረጥክ፣ ሰዎቹን እንዴት አገኘሃቸው፣ አንተ ራስህ ኦቲ ተማሪ መሆንህ መልሳቸውን አልነካውም ወይ፣ ይሄ ከፊዚዮቴራፒ በምን ይለያል። የመጨረሻው ላይ ብዙ ሰው ይናደዳል፣ አትናደዱ፣ ጥያቄያቹን አንብቡላቸው፣ ሥራው እዛ ውስጥ ካለ መልሱም እዛው ነው።

ከዛ በኋላ ሁለት ነገር ይቀራል። ቅጂውን ኮንሰንት ፎርሙ ላይ በገባቹት ቃል ቀን አጥፉ፣ ከስልኩም ከባክአፑም። ሌላው ለተሳታፊዎቹ ውጤቱን መመለስ ነው፣ እኔ ቲሞቹን በአንድ ገጽ ቀለል አድርጌ ጽፌ ማንበብ ለሚችሉት ሰጠሁ፣ ለማይችሉት ደውዬ ነገርኳቸው፣ ያንኑ ገጽ ዋርድ ላይ ላሉት ኦቲዎችም ሰጠሁ፣ ከታቹ አንድ ጥያቄ ጨምሬበት፦ በሽተኛው ከመውጣቱ በፊት "ቤት ሲገቡ የትኛውን ሥራ ለራስዎ ማስቀረት ይፈልጋሉ፣ የትኛውንስ ሌላ ሰው ቢሠራልዎ ደስ ይልዎታል" ተብሎ ይጠየቅ፣ መልሱም ዲስቻርጅ ፎርሙ ላይ ይጻፍ።